ሞላ ያልማለበት ቀን

መተማ ዮሐንስ ያለው ቤቴ ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ስለሆነ፣ ልጆች መምህራቸውን ተከትለው የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ ድምፅ ሲጮኹ ጓዳዬ ድረስ ይሰማኛል። ሌላው ቃል ምንም አይለኝም፤ «ቲፍ» ሲሉ ግን የያዝኩትን አስቀምጬ ቁጭ እላለሁ። ሌባ ማለት ነው። ይህን ቃል የተማርኩት ከሰረቅሁት መጽሐፍ ነው።

ጊዜው ደርግ ነው። ሽንፋ አጠገብ ባለች መንደር አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ለአምስት ልጅ አንድ ሲደርሰን፣ ትምህርቱ ሲያበቃ ከጎንደር የመጣው መምህራችን መጻሕፍቱን ሰብስቦ ሳጥን ውስጥ ይቆልፍባቸው ነበር። መስከረም ላይ አስነስቶ ሲጠይቀኝ አንዲት ቃል ማንበብ አቅቶኝ፣ ክፍሉ በሙሉ ስቆብኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። የሳቁት ደግሞ ከእኔ የማይሻሉ ነበሩና ይበልጥ አንገበገበኝ። ጥቅምት ሲገባ፣ ሳጥኑ ሳይቆለፍ የቀረ ዕለት፣ መምህሩ ራሱ የሚያስተምርበትን፣ ትርጉሙን በእርሳስ ከዳር የጻፈበትን መጽሐፍ ቀሚሴ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር፤ ሌባ ሁሉ እንዲያ ይላል።

ጥቅምት ሰሊጥ የሚታጨድበት ወር ስለሆነ፣ መንደራችን ከወሎና ከጎጃም በመጡ አጫጆች ትሞላ ነበር። የገበሬ ማህበሩን ሰሊጥ ከሚያጭዱት አንዱ፣ ሞላ የሚባል የላስታ ሰው፣ እኛ ቤት አርፎ ከአባቴ ጋር ከአንድ ገበታ ይበላ ነበር። እኔ ከትምህርት ስመለስ ማሽላውን ከወፍ ለመጠበቅ ማማ ላይ እወጣ ስለነበር፣ መጽሐፉን የማነብበው እዚያ ነበር። ፍየል ስለሰረቀ ልጅ የሚያወራ ምዕራፍ ነበረው፤ ከሥሩም ሌባ፣ መውቀስ፣ ማፈር፣ ይቅርታ የሚሉት ቃላት ተደርድረዋል። አንድ ቀን ሞላ ውኃ ሊጠጣ ወደ ማማው መጣ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሮ ስለነበር መጽሐፍ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም።

«ምን ይላል፣ እታለም?»

«ቲፍ። ሌባ ማለት ነው።»

«ፈረንጅም ይሰርቃል በይኛ» ብሎ ሳቀ። «ሶሪ» ይቅርታ እንደሆነ ስነግረው ደግሞ ቃሏን በአፉ አላምጦ፣ «ቀላል ናት። እኛ አገር ይቅርታ የሚል ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይቆማል» አለኝ።

በሳምንቱ የመጽሐፉ መጥፋት ለማህበሩ ተነገረ። ሊቀመንበሩ አውጫጭኝ ኋላ ቀር ልማድ ነው እያለ በየስብሰባው ያወግዝ ነበር፤ ሌባ ሲጠፋ ግን እሱም ሌላ ዘዴ አልነበረውምና፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መንደርተኛውም ተማሪውም አጫጁም ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ፣ «አልወሰድኩም፣ የወሰደም አላየሁም፤ ዋሽቼ እንደሆን ዐይኔን ይንሳኝ» ብሎ ይምላል። መማል እንቢ ያለ ሌባ ነው።

ተራዬ ደረሰና ማልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ከዚያ ቀን ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

ሞላ ሲቀርብ «አልወሰድኩም» አለና ዝም አለ።

«የወሰደም አላየሁም በል እንጂ» አሉት ታላቁ ሽማግሌ፣ አባ ወርቁ።

«እሱን አልምልም፣ አባቶቼ።»

«እንግዲያ ያየኸውን ተናገር።»

መሬት መሬቱን አየ እንጂ አልተናገረም። በሐሰት መማል ፈራ፤ ስሜን ጠርቶ ያበላውን ቤት ማዋረድም አልሆነለትም። አባቴ ተነሥቶ «ሞላ፣ በሞቴ ማል» ብሎ ለመነው። እንቢ ሲል ጊዜ፣ አባቴ ሰው ፊት የተዋረደ መሰለውና «እንግዲያስ ከቤቴ ውጣ» አለው። ሽማግሌዎቹም ያንኑ ዕለት መንደሩን እንዲለቅ ፈረዱ። አብረውት የመጡት ያገሩ ልጆች ፊታቸውን አዞሩበት።

ማጭዱንና ጋቢውን ሊወስድ ሲመጣ ግቢ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መጽሐፉን ምስጥ እንዳይበላው» አለኝና ሄደ። ተከትዬው መሮጥ እችል ነበር። ገብቼ መጽሐፉን ጎተራው ሥር፣ ከአምና ከተረፈችው ማሽላ ውስጥ ቀበርኩት።

ኅዳር ላይ መምህሩ ያንን ምዕራፍ አስተማረን። የቃላቱን ትርጉም ሲጠይቅ እጄን ያላወጣሁበት አልነበረም። «ቲፍ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ሥሩ ሲለን፣ አንድ ልጅ ተነሥቶ ሞላ ሌባ ነው የሚል ሠራ፤ መምህሩም ጎበዝ ብሎ፣ አነባበቤ አምሮለት ነው መሰል፣ ለክፍሉ እንድደግመው አዘዘኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩት። ተጨበጨበልኝ።

በታኅሣሥ አዲሱ ማሽላ ጎተራው ውስጥ ተገለበጠበት። ክረምቱ ገብቶ ጎተራው ሲራቆት፣ አባቴ የመጨረሻዋን ሲዝቅ መጽሐፉን አገኘው። ማንበብ አይችልም ነበር፤ ቅጠሉን አንድ በአንድ ገልጦ ገልጦ ጠራኝ።

«ይኼ ነው?»

«አዎ።»

«ሞላ ያውቅ ነበር?»

አንገቴን ደፋሁ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝ ይሻል ነበር። «ከገበታዬ የበላ ሰው ነው እኮ ያባረርኩት» አለና ጎተራው ደፍ ላይ ተቀመጠ። ለሽማግሌዎቹ ግን አልተናገረም። ልጁ ነኝ፤ ለስሜ ሰጋ፣ የሞላም ስም እንደጠፋ ቀረ። መስከረም ሲያልቅ አጫጆች የጫኑ መኪኖች መምጣት ሲጀምሩ፣ በየማለዳው ሽንፋ ወርዶ የሚወርደውን ሰው ፊት እያየ ይቆም ነበር። እናቴ «ምን ፍለጋ ነው?» ስትለው «ሰው እጠብቃለሁ» ይላት ነበር። ሰሊጡ ታጭዶ እስኪያልቅ ተመላለሰ፤ ሞላ አልመጣም።

አሁን አባቴ ያኔ ከነበረበት ዕድሜ አልፌያለሁ። አጫጆች መተማ በሚወርዱበት ሰሞን እኔም እወጣና፣ ከላስታ የመጣ አለ ወይ፣ ሞላ የሚባል ሰው ታውቃላችሁ ወይ እላለሁ። የሚያውቀው አላገኘሁም፤ ቢኖርም እጅግ ሸምግሏል። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ ፈርቼ ዋሸሁ ማለት ይቻላል። አሁን ማንን እንደምፈራ አላውቅም፤ ከወጣቶቹ አንዱ «ምንዎት ነው፣ እማማ?» ብሎ በጠየቀኝ ቁጥር «ዘመዴ ነው» እለዋለሁ።