ደግመሽ አንብቢልኝ፦ የመካኒሳው የስም ሰርቨርና ጋሽ ወርቁ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ጫማሽን አውልቂ የሚል ነበር። መካኒሳ ያኔ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ካሉ ጭቃ ነው። በር ላይ የጠበቁኝ አዛውንት ከላይ እስከ ታች አዩኝና “ጭቃውን እዚያው ተይው። ባላምባራስ አይወድም” አሉኝ። ባላምባራስ ማን እንደሆኑ ለመጠየቅ አፈርኩ። ካልሲዬ ተቀዶ ስለነበር ሐሳቤ ሁሉ እሱ ላይ ነበር።

ስገባ ባላምባራስ ሰው አይደሉም። ከመድኃኒት መጋዘኑ ጀርባ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የብረት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ግራጫ ኮምፒውተር ነው። የመሥሪያ ቤታችን የስም ሰርቨር እሱ ነበር። አዛውንቱ ያን ማዕረግ የሰጡት “ሳያንኳኩ ከገቡበት ስለሚቀየም” ነው አሉኝ። እኔ የኮምፒውተር ትምህርቴን ገና ጨርሼ የመጣሁ ጁኒየር ቴክኒሺያን ነበርኩ። ማሽን በማዕረግ ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አዛውንቱ ጋሽ ወርቁ ይባላሉ፤ ሲኒየር ቴክኒሺያንና የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። የሥራ ዘመናቸውን አብዛኛውን ያሳለፉት በሽቦ ጽሑፍ በሚልከው በድሮው የቴሌክስ ማሽን ኦፕሬተርነት ነበር። መሥሪያ ቤታችን ከውጭ መድኃኒት እየገዛ ለገጠር ክሊኒኮች የሚያከፋፍል ነው፤ የድሮ ትእዛዞች በሙሉ በእሳቸው ጣት አልፈዋል። ቴሌክሱ ቀርቶ ኢሜይል ሲመጣ ኮርስ ላኳቸው። ተመልሰው መጥተው ከማሽኑ ጋር ወዳጅነት ጀመሩ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

የስም ሰርቨር ሥራ ምን እንደሆነ ሰዎች ሲጠይቁኝ የምመልሰው ይህንን ነው። መካኒሳ ውስጥ ቤት ሲጠፋባችሁ ባለሱቁን ትጠይቃላችሁ፤ ስም ትነግሩታላችሁ፣ እሱ ቦታውን ያሳያችኋል። ኮምፒውተሮች የሚገናኙት በቁጥር ነው፣ ሰው የሚይዘው ስም ነው። የስም ሰርቨር ስሙን ተቀብሎ ቁጥሩን ይናገራል። ባለሱቁ ከተሳሳተ እንግዳው የሌላ ሰው ቤት ይገባል። ሌባ ባለሱቁን ገፍትሮ ቦታውን ከያዘ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ አለቀለት። ለዚህ ነው የሰርቨሩ ሶፍትዌር ቀዳዳ በተገኘበት ቁጥር ቶሎ መደፈን ያለበት። ባለሙያው ፓች ይለዋል። ጋሽ ወርቁ ግን እንደ ልብስ “እንጣፈው” ነበር የሚሉት።

አጣጣፋቸው እንደሌላ ሰው አልነበረም። አዲሱን ሶፍትዌር ከውጭ ስናወርድ አብሮ የሚመጣ ረጅም የማረጋገጫ ቁጥር አለ፤ ፋይሉ መንገድ ላይ እንዳልተነካ የሚታወቀው በእሱ ነው። እኔ በኮምፒውተሩ አወዳድሬ “ልክ ነው” እላለሁ። ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን ያስተካክሉና “ደግመሽ አንብቢልኝ” ይላሉ። በቴሌክስ ዘመን ከመልእክቱ መጨረሻ ቁጥሮቹ ሁሉ ይደገሙ ነበርና ልማዱ አልለቀቃቸውም።

“ጋሼ፣ ማሽኑ እኮ አወዳድሮታል” እላለሁ።

“ጎሽ። አሁን ደግሞ አንቺ አንብቢልኝ።”

ቁጡ ነኝ፤ ዛሬም ነኝ። በልቤ ስንቱን አልኳቸው መሰላችሁ! ግን አነብ ነበር። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ስጨርስ “ተቀብያለሁ” ይላሉ።

ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ አስቴር ጨዋታ አያውቁም። እኔ ከመቀጠሬ በፊት ሰርቨሩ ቆሞ የመድኃኒት ትእዛዝ ስለዘገየባቸው ቂም ይዘዋል። አንድ የውጭ ድርጅት ስሞቻችሁን እኔ ልያዝላችሁ ብሎ ውል ልኮላቸው ነበር። ጋሽ ወርቁን ጠርተው በእኔ ፊት “አቶ ወርቁ፣ የኢሜይል ፖስታው አንድ ጊዜ ደግሞ ቢቆም እፈርማለሁ” አሏቸው። ከተፈረመ ክፍሉ ይዘጋል። እኔን ወጣት ነሽ ብለው ሌላ ቦታ ይመድቡኛል። ጋሽ ወርቁ ግን ጊዜያቸው ሳይደርስ በጡረታ ይሸኛሉ። ከቢሮው ስንወጣ ክፍላቸው ገብተው የባላምባራስን ጀርባ በጨርቅ ወለወሉ።

በዘጠና ዓመተ ምሕረት ክረምቱ ሲገባ ማስጠንቀቂያ መጣ። በሰርቨሩ ሶፍትዌር ላይ አደገኛ ቀዳዳ ተገኝቷል። የማያውቁት ሰው ከሩቅ ሆኖ ሆን ብሎ የተራዘመ ጥያቄ ቢልክ ማሽኑን እንዳለ ሊረከበው ይችላል። በዚያው ሰሞን መስመራችን ተቀይሮ የፖስታ ማሽናችን አዲስ ቁጥር ሊሰጠው ነበር። ሁለቱን ለየብቻ እንሥራ ብለን ጠየቅን። ወይዘሮ አስቴር “ሁለት ጊዜ ማቆም የለም። አንዴ አቁሙና ሁሉንም ጨርሱ” አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጀመርን። ዝናቡ ሲበረታ መስመሩ ይቆረጣል፣ እኛም ማውረዱን እንደገና እንጀምራለን። ጋሽ ወርቁ ቆሎ ይዘው መጥተው ነበር። ፋይሉ በመጨረሻ ሲወርድ ቁጥሩን አነበብኩ፣ “ተቀብያለሁ” አሉ። የድሮውን ፕሮግራም በሌላ ስም አስቀመጥን። አዲሱን አጠናቅረን በትርፍ ማሽን ላይ ሞከርን፤ ከዚያ ባላምባራስ ላይ ጭነን አስነሳነው። ማሽኑ የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበት ሎግ አንድም ስህተት አላሳየም።

የቀረው የፖስታውን አዲስ ቁጥር በስሞቹ ፋይል ውስጥ ማስገባት ነበር። በፋይሉ አናት ላይ ተራ ቁጥር አለ፤ ፋይሉ በተነካ ቁጥር ከፍ መደረግ አለበት። ባሕር ማዶ የስሞቻችንን ቅጂ ይዞ እንደ ባላምባራስ ለጠያቂ የሚመልስ መንታ ሰርቨር አለ፤ በየጊዜው እየመጣ ይህንን ቁጥር ያያል። ከእሱ ቁጥር ከበለጠ አዲሱን ፋይል ይወስዳል። ካነሰ ዝም ብሎ የድሮውን ይዞ ይቀመጣል። የሙያው ልማድ የዕለቱን ቀን ከዓመተ ምሕረቱ ጀምሮ መጻፍ ነው። ማሽኑን የተከለው ፈረንጅ እንደዚያ አድርጎ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ አድራሻ ተቀይሮ ስለማያውቅ ቁጥሩን የነካው ሰው አልነበረም።

ጋሽ ወርቁ ቀኑን ጻፉ። “ደግመሽ አንብቢልኝ” አሉ። አነበብኩላቸው። “ተቀብያለሁ” አሉ። ቆሏችንን ጨርሰን በየቤታችን ገባን።

ሰኞ ጠዋት ስልኩ መጮህ ጀመረ። ከአንዳንዱ ደንበኛ ፖስታ ይገባል፣ ከአንዳንዱ አይገባም። አንድ አቅራቢ የላክሁት ሁሉ እየተመለሰብኝ ነው፣ ጭነቱን አረጋግጡልኝ እያለ ይጮሃል። ባላምባራስን ከዚያው ከክፍሉ ጠየቅሁት፣ ትክክለኛውን አዲስ ቁጥር መለሰልኝ። ደግሜ ጠየቅሁት፤ ያው ነው።

ወይዘሮ አስቴር ክፍላችን ድረስ መጡ። ጫማቸውን አላወለቁም።

“ያ ፓች ያላችሁት ነገር ነው። የድሮውን መልሱት” አሉ።

“ወይዘሮ አስቴር፣ የድሮው ቀዳዳ አለበት” አሉ ጋሽ ወርቁ።

“ቀዳዳ ይኑረው! ፖስታው ይግባልኝ። እስከ ማታ ካልተስተካከለ ነገ እፈርማለሁ።”

ሲወጡ እኔም እጄ ወደ ኪቦርዱ ሄደ። “ጋሼ፣ ለጊዜው እንመልሰው። ሥራዎን ሊያጡ እኮ ነው” አልኳቸው።

“በሩን ገንጥዬ ነው ሥራዬን የምጠብቀው?” አሉ። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ደነገጥኩ። ከዚያ ተቀመጡና ዝግ ብለው “አንቺ ማንን ነው የጠየቅሽው?” አሉኝ።

“ባላምባራስን።”

“የላከውን ሰው ልከሃል ወይ ብለሽ ብትጠይቂው ልኬያለሁ ነው የሚልሽ። ቴሌክስ ሲጠፋብን ተቀባዩን ነበር ‘የደረሰህን አንብብልኝ’ የምንለው።”

ወደ ውጭ አገር የሚደውለው ስልክ ያለው ወይዘሮ አስቴር ቢሮ ብቻ ነው። ሄድን። ሴትዮዋ ክንዳቸውን አጣምረው ከጠረጴዛው ኋላ ቆሙ። ጋሽ ወርቁ መንታውን ሰርቨር የሚጠብቀውን ሰው አገኙትና በዚያ በቆራጣ የቴሌክስ እንግሊዝኛቸው በፋይሉ አናት ላይ ያለውን ቁጥር እንዲያነብላቸው ጠየቁት። እኔ ጆሮዬን ከስልኩ ጋር አጣብቄያለሁ። ሰውየው ቀስ ብሎ ጀመረ፦ ዋን፣ ናይን፣ ናይን፣ ሰቨን...

“ሪፒት” አሉ ጋሽ ወርቁ። ደገመላቸው።

ስልኩን በእጃቸው ከደን አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። “ሙሉ፣ ዘንድሮ ስንት ነው?”

“ዘጠና ነዋ!” አልኩ። ካልኩት በኋላ ገባኝ። ፈረንጁ ባለፈው ዓመት በራሱ አቆጣጠር ዘጠና ሰባት ብሎ ጽፎ ሄዷል። እኛ በእኛ አቆጣጠር ዘጠና ብለናል። መንታው መጥቶ ሲያየን ወደ ኋላ የሄድን ስለመሰለው የራሱን አሮጌ ፋይል ይዞ ቀርቷል። እሱን የጠየቀ ሁሉ ፖስታውን የሚልከው ወደ ድሮው ቁጥር ነው። ሳቄ መጣና አፌን ያዝኩ። ጋሽ ወርቁ ግን አልሳቁም።

“ፓቹ ምንም አላጠፋም” አሏቸው ወይዘሮ አስቴርን። “ጥፋቱ የእኔ ነው። ቀኑን በሐበሻ ጻፍኩት።”

“እኔም አንብቤዋለሁ” አልኩ።

“አንቺ ዝም በይ” አሉኝ።

ወይዘሮ አስቴር ያጣመሩትን ክንዳቸውን ፈቱ። “ለማስተካከል ምን ያስፈልጋል?”

“አንድ ቁጥር መቀየር።”

“ታዲያ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?” አሉ።

ቁጥሩን በፈረንጅ ጽፈን ባላምባራስን አስነሳነው። ጋሽ ወርቁ በስልክ ሰውየውን አስነበቡትና “ተቀብያለሁ” አሉ፤ በአማርኛ ነው ያሉት። ከሰዓት በኋላ ፖስታው መጉረፍ ጀመረ። ውሉ ግን እንዳልተፈረመ ወይዘሮ አስቴር ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጋሽ ወርቁ ደብተሮቻቸውን በካርቶን ማድረግ ጀመሩ። እኔ እያየሁ እንዳላየሁ ሆንኩ፤ ከዚያ መጋዘን ገብቼ አለቀስኩ።

ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ጠዋት ሎጉን ሳነብ ከማናውቀው ቦታ የመጣ ጥያቄ አየሁ። ረጅም ነው፤ ማስጠንቀቂያው ላይ የተጻፈው ዓይነት ጥያቄ። ባላምባራስ አልቀበልም ብሎ መልሶታል። በማግስቱም ደግሞ መጥቶ ተመልሷል። አትሜ ይዤ ወይዘሮ አስቴር ዘንድ ሮጥኩ።

አንብበው ሲጨርሱ ጋሽ ወርቁን አስጠሩ። “ያን ሰኞ የድሮውን መልሱ ስላችሁ መልሳችሁት ቢሆን ይሄ ሰው ይገባ ነበር?”

“ይገባ ነበር።”

“ፖስታውስ ይስተካከል ነበር?”

“አይስተካከልም ነበር። ሁለቱንም እናጣ ነበር።”

“ያ የውጭ ድርጅት ቢይዘው ደግሞ የዘመን ስህተቱ አይፈጠርም ነበር አይደል?”

አዎ አይበሉ ብዬ በልቤ ጸለይኩ። “አዎ፣ አይፈጠርም ነበር” አሉ ጋሽ ወርቁ።

ወይዘሮ አስቴር ውሉን አንስተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። “ካርቶኑን ይፍቱት፣ አቶ ወርቁ” አሉ። ለካ አይተውታል።

ጋሽ ወርቁ ጡረታ የወጡት በጊዜያቸው ነው። ቤታቸው ላፍቶ፣ ያኔ እርሻው አልቆ ቤት ከሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነበር። ክፍሉን ሲያስረክቡኝ ግድግዳው ላይ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ሰቅለው ነው፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የፈረንጅ። ከዚያ በኋላ ፓች በጫንኩ ቁጥር መጀመሪያ ውጭ ላለው ሰው፣ ቀጥሎ ለእሳቸው እደውል ነበር። ቁጥሩን ስነግራቸው “በማን ዘመን ነው?” ይላሉ። በፈረንጅ ነው እላለሁ። “ደግመሽ አንብቢልኝ” ይላሉ፤ እኔም ሳልቆጣ አነብላቸዋለሁ።

እናንተ የዛሬ ወጣት ቴክኒሺያኖች ያን ሁሉ ሥራ በአንድ ትእዛዝ ትጨርሳላችሁ። የእኔ ምክር አጭር ነው። ፓቹን አታዘግዩ፤ ሁለት ለውጥ በአንድ ቀን አትሥሩ። ስትጨርሱም ቁጥሩን ሰው ደግሞ ያንብብላችሁ። የሚያነብላችሁ ሰው ግን ከጎናችሁ የተቀመጠ አይሁን።