የፋዲላ ሁለት ምጥ

ፋዲላን የሚያውቋት ሁሉ ሳቂታ ነበረች ይላሉ። ሸዋ ሮቢት ገበያ ላይ ከእሷ ቀድሞ ሳቋ ይደርስ ነበር አሉ። ከወንዙ ማዶ ሽንኩርትና ማሾ ከሚያመርት ቤት ተወልዳ፣ ሐሚድ የሚባል የዚያው መንደር ገበሬ አገባች። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ሐሚድ ወደ ሰሜን ሲሄድ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር፤ ሆዷ ገና በቅጡ አልታወቀም።

“ሲወለድ አዛኑን አባቴ በጆሮው ይበሉለት” አላት፣ ምልምሎቹን የጫነው መኪና ላይ ሆኖ።

የመውለጃዋ ወር ገብቶ፣ የቆላው ሙቀት ሰው በሚያስጨንቅበት ሰሞን፣ ልጁ መንቀሳቀስ አቆመ። ለእናቷ ለእትዬ መሪያም ነገረች። ጎረቤቶች “ሊወለድ ሲል ዝም ይላል” አሏት። እሷ ግን አላመነችም፤ እናቷን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። በቀለ የሚባለው ጤና ረዳት የእንጨት ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጎ ጆሮውን ደገፈበት። ወዲህ አዛወረው፣ ወዲያ አዛወረው። ከዚያ ቀና አለና እትዬ መሪያምን ወደ ውጭ ጠራቸው። ፋዲላ በመስኮቱ ስታይ እናቷ አፋቸውን በእጃቸው ሲይዙ አየች።

ወደ ሆስፒታል የሚወስዳቸው ያገኙት የጭነት መኪና ነበር። ጣርማበር ላይ ዋሻውን ሲያልፉ ጉሙ ተቀበላቸው፤ በስስ የቆላ ቀሚስ እየተንቀጠቀጠች ደጋ ያለው ሆስፒታል ደረሰች። የተቀበለቻት አሰገደች የምትባል አዋላጅ ነርስ ናት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በቀስታ ነገረቻት።

“ልጁ ሆድሽ ውስጥ አርፏል፣ እህቴ። ምጡ በራሱ እስኪመጣ ብንጠብቅ አንቺንም ይጎዳሻል። በግሉኮስ አድርገን ምጥ የሚያመጣ መድኃኒት እንሰጥሻለን።”

መድኃኒቱ በክንዷ ገባ። መንደር ውስጥ የሴቶችን ምጥ አይታለች፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ በመሀል ውኃ ይጠጣበታል። ይሄኛው ግን ፋታ አልነበረውም። አንዱ ሳይለቃት ሌላው ይደርብባት ጀመር።

“ሕመሙን የሚያስታግስ መርፌ አለ” አለች አሰገደች። “ግን ያደክምሻል፤ እንቅልፍም ሊወስድሽ ይችላል። ምርጫው ያንቺ ነው።”

ፋዲላ እናቷን አየች።

“ውሰጂው ልጄ” አሉ እትዬ መሪያም እያለቀሱ። “በሕይወት ላለ ልጅ ይማጣል። ለዚህ ምን አሰቃየሽ?”

“ይውጉኝ” አለች ፋዲላ።

ስትነቃ ሆዷ ባዶ ነበር። እናቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል፤ የቀሚሳቸው ጫፍ ጭቃ ነክቶታል።

“የታለ?”

“ወንድ ነበር። ቀበርነው።”

ሆስፒታሉ አጠገብ አብዱሰላም የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ነጭ ጨርቅ ያወጣላቸው፣ መቃብሩንም የቆፈረላቸው እሱ ነው። ፋዲላ ይህን ሰምታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወደ ቆላ ሲወርዱ ጡቷ አግቶ ቀሚሷን አራሰው። እትዬ መሪያም ሻርፓቸውን ፈተው ደረቷ ላይ ጣል አደረጉላት።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ስለዚያ ቀን አንስተው አያውቁም። ስለ ሞቱ ሲያጽናኗት “የአላህ ቀደር ነው” ትላለች፤ ከልቧ ነበር። የሚበላት ሌላ ነው። እናት ሆና ተኛች፤ ልጇ መጥቶ ሲሄድ ተኝታ ነበር። ጎረቤት የወለደች እንደሆነ ሄዳ ሕፃኑን ትቀበልና ፊቱን አተኩራ ታያለች፤ ወዲያው ትመልሰዋለች። ያ ሳቅ የት እንደገባ አይታወቅም።

ከዓመታት በኋላ ሐሚድ ግራ ክንዱ ቆስሎ፣ ከሠራዊቱ ተሰናብቶ መጣ። ፋዲላ እንደገና አረገዘች። መውለጃዋ አለፈ፣ እግሯ አበጠ፣ ደም ግፊቷ ጨመረ። ከሐሚድና ከእናቷ ጋር ሦስቱም ተያይዘው ያንኑ ዳገት ወጡ። አሰገደች አሁንም እዚያው ነበረች፤ ግሉኮሱም እንደገና ተሰቀለ።

“ሲስተር፣ መርፌውን አልፈልግም” አለች ፋዲላ ገና ምጡ ሳይጀምራት።

“ይሄን ምጥ ታውቂዋለሽ። የልጅሽ ልብ ደህና ይመታል። ትንሽ ብታርፊ ምን አለበት?”

“ዓይኔ ይከፈት። ሌላ አልፈልግም።”

ጩኸቷ ደጅ ድረስ ሲሰማ ሐሚድ በሩን አንኳኳ፤ “በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ያንን መርፌ ይስጧት!” ብሎ ለመነ። ፋዲላ ከውስጥ “እንዳይሰጡኝ!” አለች። የቀሚሷን ጫፍ ነክሳ ገፋች። ሴት ልጅ ተወለደች፤ አለቀሰች። ደረቷ ላይ አደረጉላት።

ሕፃኗን ብዙ አየቻትና ዞር አለች።

“ሲስተር፣ የፊተኛውን ያስታውሱታል? ይቺን ይመስል ነበር?”

አሰገደች እጇን እያደረቀች ቆመች። “ብዋሽሽ ኃጢአት ነው። አላስታውሰውም።”

እግርጌዋ የቆሙት እትዬ መሪያም “እኔን ለምን አትጠይቂኝም?” አሉ።

“አንቺንማ ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ለምን አልቀሰቀስሽኝም፣ እማ? ሳላየው ለምን ወሰድሽው?”

እናትየዋ ግራ ገብቷቸው አዩዋት። “ቀስቅሼሽ ነበር እኮ። በጄ ይዤልሽ ዓይንሽን ገልጠሽ አየሽው። ጉንጩን ነካሽው። ‘ሸፍኑት፣ ይበርደዋል’ አልሽና ተመልሰሽ ተኛሽ።”

“እኔ?”

“አንቺ ነሽ። ታስታውሺዋለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ቁስልሽን ላልነካ።”

ፋዲላ ዓይኗን ጨፍና ፈለገች። ጉንጩን ፈለገች፤ ጣቷ የነካውን ፈለገች። ምንም የለም። አሰገደች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “መርፌው እንዲህ ያደርጋል፤ ያኔ ይህን አልነገርኩሽም” አለች። ምጡ ያላስለቀሳት ፋዲላ ያኔ አለቀሰች፤ ሕፃኗ ደረቷ ላይ አብራ እስክትነቀነቅ ድረስ። አይታዋለች ለካ። ግን ያየችው ከእሷ ዘንድ የለም።

ከሆስፒታል በወጡበት ቀን አብዱሰላም የልብስ ስፌት መኪናውን ትቶ ወደ መቃብሩ ወሰዳቸው። ሣሩ አድጓል፤ ከዳር በኩል ትንንሽ መቃብሮች በዝተዋል። ሰውየው ዞረ፣ ተመለሰ፣ ቆመ።

“ከነዚህ አንዱ ነው። አውፍ በይኝ እህቴ፤ ለይቼ አላውቀውም።”

ሐሚድ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። ፋዲላ በመቃብሮቹ መሀል ተቀመጠችና እጇ የሚደርስበትን አፈር ሁሉ፣ ያንዱንም የሌላውንም፣ እየነካካች ቆየች። መኪና እንዳያመልጣቸው እትዬ መሪያም ክንዷን ይዘው አስነሷት።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ “እስቲ ንገሪኝ” አለቻቸው።

እትዬ መሪያም ነገሯት። ጸጉሩ ብዙና ጥቁር እንደነበረ፣ አገጩ ላይ ትንሽ ስርጉድ እንደነበረችው፣ ጣቶቹ ረጃጅም እንደነበሩ። ሲጨርሱ “እንደገና” አለች። እንደገና ነገሯት። ሐሚድ ሕፃኗን በደህና ክንዱ ታቅፎ፣ ስለ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማ ነበር።