ከመዶሻው በፊት

እትዬ የሻረግን የቀጠርናቸው ስህተት እንዲለቅሙልን ነው። ቢሯችን ካዛንቺስ፣ ሊፍቱ ደስ ሲለው ብቻ የሚሠራበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራችን ደግሞ በምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴዎች ውስጥ ማን ምን እንደተናገረ የፈለገ ሰው ሁሉ እንዲያገኘው ማድረግ ነው። የብዙ ዓመት ቃለ ጉባኤ ስካን አድርገን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባንና ከላይ አንዲት የመፈለጊያ ሳጥን ሠራንለት። ሳጥኗን የሠራሁት እኔ ረውዳ ነኝ። ጉራ አይደለም፤ ስትበላሽ የምሰደበውም እኔው ነኝ።

ኮምፒውተሩ ግን ያረጀ የታይፕ ጽሑፍ ሲያነብ ይቀባጥራል። ስለዚህ ዋናውን ወረቀት እያየ የሚያርም ሰው አስፈለገን። እትዬ የሻረግ ከወረቀቶቹ ብዙዎቹን በገዛ እጃቸው የጻፉ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የኮሚቴ ስብሰባ ከካሴት እየሰሙ ታይፕ ሲመቱ ኖረው በቅርቡ ጡረታ ወጥተዋል። ከእሳቸው የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል?

የካዛንቺስ ልጅ ናቸው። ሰፈራቸው ፈርሶ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ቢደርሳቸውም በየጠዋቱ ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። ቢሮ ከመግባታቸው በፊት ድሮ ቤታቸው በነበረበት ቦታ ላይ በተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ አንዴ ይመላለሳሉ። «ሳሎኔን አቋርጬ መጣሁ» ይሉኛል። ስቀው ነው የሚሉት፣ እኔ ግን መሳቅ ያቅተኛል።

የድሮ የሕዝብ ተወካዮችን በአነጋገራቸው ያውቋቸዋል። «ይሄ ሰውዬ 'ከዚህ አኳያ' ሳይል ውሃ አይጠጣም ነበር። ይቺኛዋ ደግሞ ሰብሳቢው ዕድል ሲነሳት ወንበሯን ታንቋቋ ነበር፤ ካሴቱ ላይ ይሰማል።» ተናጋሪው ያልታወቀ አንቀጽ ሲገጥመኝ አነብላቸዋለሁ፤ ሁለት መስመር ሳልጨርስ ስሙን ይነግሩኛል።

አንድ ቀን ሎጉን፣ ማለትም ማን ምን ቃል እንደፈለገ የሚመዘግበውን ዝርዝር ሳይ አንድ ነገር ገረመኝ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ከእትዬ የሻረግ ኮምፒውተር አንድ ቃል ይፈለጋል፦ ደጋጋ። መልሱም በየቀኑ አንድ ነው፦ ውጤት የለም። እንዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ። እኔ ደግሞ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም፤ በነጋታው ምሳ ላይ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ደጋጋ ማነው? የሕዝብ ተወካይ ነበር?»

ሹካቸውን አስቀመጡ። «አንቺ ልጅ፣ ትሰልዪኛለሽ እንዴ?»

«ሥራዬ ነው፣ በቃ። ይንገሩኝ።»

የማይነግሩኝ መስሎኝ ሳፍር ጀመሩ።

«ድምፅ የሚቀዳው ሰውዬ ነበር። ስብሰባ ሲጀመር ሰብሳቢው በመዶሻ ጠረጴዛውን ይመታል አይደል? ከመዶሻው በፊት፣ አባላቱ ገና ሳይገቡ፣ ደጋጋ ማይኩን ይከፍትና 'ካሴት ቁጥር ሁለት፣ ገጽ አንድ' ይላል። እኛ የምንጽፈው ከመዶሻው በኋላ ያለውን ነው፤ ደንብ ነው። እሱም ያውቃል፤ ካሴቱን የምጽፈው እኔ መሆኔንም። እና በዚያች ክፍተት ለእኔ ጣል ያደርግልኝ ጀመር። 'ካሴት ቁጥር ሁለት። ደመናው ከብዷል፣ ጃንጥላ ተይዟል' ይላል። ሰው ቢሰማው ምን ይለዋል? እኔ ግን አውቃለሁ። ከሥራ ስወጣ በር ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ በአንድ ጃንጥላ እንወርዳለን።»

«ምን እያወራችሁ?»

«ምንም። ሰው ፊት ቃል አይወጣውም። ጎን ለጎን ዝም ብለን ነው የምንሄደው። የሚያወራኝ በካሴት ነው።»

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ከዚያ አንድ ዓርብ እትዬ ቢሮ ሲገቡ መቅረጫው ጋ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ደጋጋ ጅማ ሥራ አግኝቶ ሄደ ተባሉ።

«ረቡዕ ዕለት ኮሪደር ላይ አግኝቼው ነበር እኮ» አሉኝ። «'እንዴት አደርክ' ብዬው አለፍኩ። አንድ ቃል እንኳ ሳይናገረኝ ሄደ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የከነከነኝ እሱ ነው። መሄዱ አይደለም፤ ሰው ይሄዳል። ቃል ሳይተውልኝ መሄዱ ነው።»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ትዳርም አይገባም!» አልኩ ተናድጄ። «እኔ ብሆን ጅማ ድረስ ሄጄ ጃንጥላውን አናቱ ላይ እሰብርበት ነበር።»

ሳቁ። «እኔም አስቤ ነበር። ኩራት ያዘኝ። ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ ማረፉን ሰማሁ።» እትዬ የሻረግ አላገቡም። ለምን እንዳላገቡ ያን ቀን ገባኝ።

ድምፁም የለም። ካሴት ተጽፎ ሲያልቅ ሌላ ስብሰባ ይቀዳበት ነበር። ደጋጋ ስለ ዝናብ የተናገረው ሁሉ በግብርና በበጀት ውይይት ተሸፍኖ ጠፍቷል።

«ታዲያ ከመዶሻው በፊት ያለው ካልተጻፈ፣ ወረቀቱ ላይ ምን ይፈልጋሉ?»

«ሰው ይሳሳታል ብዬ ነዋ። ምናልባት አንድ ቀን ተሳስቼ ጽፌው ከሆነ… ግን ተጠንቅቄ ነበር የምጽፈው። ዛሬ ጥንቃቄዬ ይቆጨኛል።»

ወደ ቢሮ ተመልሰን አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ በስሙ አይፈልጉት። ካሴት ላይ ስሙን ጠርቶ ያውቃል?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ታዲያ ሁሌ የሚላት ቃል የትኛዋ ናት?»

ኪቦርዱን ወደ ራሳቸው ሳቡና በሁለት እጃቸው፣ እንደ ድሮው ታይፕ ጠበቅ አድርገው መቱት፦ ጃንጥላ።

አርባ ሦስት ውጤት መጣ። እትዬ አፋቸውን ያዙ። እኔም ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን ነገሩ ገባኝ። የሕዝብ ተወካዮች ጃንጥላ ይወዳሉ፤ ሁሉን ነገር «በአንድ ጃንጥላ ሥር» ማሰባሰብ ነው ሥራቸው። ማኅበራቱን፣ ኤጀንሲዎቹን፣ አምራቾቹን። አንዱን ከፍተን እንዘጋለን፣ ሌላውን ከፍተን እንዘጋለን። ከውጭ በሚገባ ጃንጥላ ቀረጥ ላይ የተደረገ ረጅም ክርክርም ነበር፤ እሱንም እስከ መጨረሻው አነበቡት።

ሠላሳ ስምንተኛው ላይ እትዬ የሻረግ እጄን ያዙኝ። የሰኔ ወር ቃለ ጉባኤ ነው፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ። ከገጹ ግርጌ የጸሐፊዋ ምልክት አለ፤ የእሳቸው ግን አይደለም።

«ስመኝ!» አሉ። «ገና ወር ያልሞላት አዲስ ልጅ ነበረች። ደንቡን አታውቅ፣ የሰማችውን ሁሉ ትጽፋለች፤ ሳል ሳይቀር። ያን ቀን መንጋጋዬን ልነቀል አስፈቅጄ ወጣሁ። ካሴቱ አስቸኳይ ስለነበር ለእሷ ሰጧት ማለት ነው።»

መነጽራቸውን አስተካክለው ለእርማት እንደሚያነቡት ቃል በቃል አነበቡ።

«ስሙ ያልተጠቀሰ ተናጋሪ፦ ካሴት ቁጥር አንድ፣ ገጽ አንድ። ጅማ ሥራ አግኝቻለሁ። ብቻዬን መሄድ አልፈልግም። ሐሙስ ከሥራ በኋላ ኡራኤል ታክሲ መያዣው ጋ ጃንጥላ ይዤ እጠብቅሻለሁ። ካልተስማማሽ አትምጪ፣ አልቀየምም። እስኪመሽ እቆያለሁ። ሰብሳቢ፦ የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣ ስብሰባው ተከፍቷል።»

ደግመው አነበቡት። ሦስተኛውን በድምፅ አላነበቡትም።

«ረቡዕ ኮሪደር ላይ መልሴን ሲጠብቅ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ 'እንዴት አደርክ' ብዬው አለፍኩ። ሐሙስስ የት ነበርኩ? ቤቴ። ከሥራ መጥቼ፣ ጉንጬ አብጦ፣ በጨው ውሃ እየተጉመጠመጥኩ። ከኡራኤል አስር ደቂቃ አይሞላም እኮ፣ ረውዳ። በእግር አስር ደቂቃ።»

ልማድ ሆኖባቸው ወደ መጨረሻው ገጽ ወረዱ። «ኮሚቴው ቃለ ጉባኤውን መርምሮ ያለ ማሻሻያ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማ ተደርድሯል። ይህን ሲያዩ ሳቃቸው መጣ። ሲስቁ ሲስቁ እንባቸው ወረደ፤ እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ።

እንግዲህ እኛም ደንብ አለን። የሕዝብ ተወካይ ወይም የተጋበዘ እንግዳ ያልተናገረው ነገር ገጹ ውስጥ ከተገኘ ይሰረዛል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

«ይሄ ምን ይደረጋል?» አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ።

«ደንቡ ይሰረዝ ነው የሚለው፣ እትዬ። ግን እኔ ምንም አላየሁም።»

«ሠላሳ ዓመት ደንብ ሳከብር ኖሬአለሁ» አሉ። ተናጋሪ የሚለው ቦታ ላይ ገቡና «ስሙ ያልተጠቀሰ» የሚለውን አጠፉት። በቦታው ደጋጋ ብለው ጻፉ። ሴቭ አደረጉ። ከዚያ ወደ መፈለጊያዋ ሳጥን ተመልሰው በየቀኑ የሚጽፉትን ቃል ጻፉ።

ደጋጋ። አንድ ውጤት።

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አብረን ወረድን። ሊፍቱ ያን ቀን ሠራ። ውጭ ማካፋት ጀምሯል፤ እትዬ የሻረግ ጃንጥላቸውን ከቦርሳ አውጥተው ሳይዘረጉት ወደ ኡራኤል አቅጣጫ መንገድ ጀመሩ። ወደ ኮንዶሚኒየማቸው የሚሄደው ታክሲ ከዚያ እንደማይነሳ ሁለታችንም እናውቃለን።