ጫማ የሚያስወልቀው ባቡር

በ2011 ዓ.ም. በጋው ሊወጣ ሲል፣ በዐቢይ ጾም፣ የልጄ ሠርግ በአንድ ባቡር ምክንያት ሊቀር ሲል ለጥቂት ተረፈ።

ልጄ ዲያቆን ነው። በአንድ የጣና ደሴት ገዳም የንዋያተ ቅድሳቱን ዕቃ ቤት ሲጠብቅ ቆይቶ ትዳር አሰበና ወደ ከተማ ገባ። የልጅቱ አባት ግን ሥራ ለሌለው አልድርም አሉ። እኔም ሥራ ቢያገኝልኝ ለደብራችን ከሐይቁ ደንገል የሚሠራ ምንጣፍ ተሳልሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰማኝ።

ሥራው ባቡር መጠበቅ ነው። ባሕር ዳር ሐዲድ የላትም። አንድ ባለሀብት አሮጌ የእንፋሎት ባቡር ከአገራችን ምሥራቅ በከባድ መኪና አስመጥተው፣ ሐይቁ ዳር ባለው ግቢያቸው ሙዚየም ብለው አቆሙት።

«የትም የማይሄድ ባቡር ምኑ ይጠበቃል?» አሉኝ የሹም አቦ ሰፈር ጎረቤቶቼ።

«ይሂድ መቼ አልሁ፤ ልጄ ይዋልበት እንጂ» አልኋቸው።

ልጄ የሚያውቀው የጥበቃ ደንብ የገዳሙን ነው። ዝገቱን ፍቆ ቀለም ቀባው፤ በነጭ አቡጀዲ ሸፈነው። ጎብኚ ሲመጣ ይገልጠዋል። ወደ ነጂው መቆሚያ የሚወጣውን ሁሉ ግን ጫማ ያስወልቃል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጠይቀው ብሄድ፣ ባለሀብቱ እንግዶች ይዘው መጡ።

«ጫማዎን፣ ጋሼ» አላቸው ልጄ።

«የራሴ ባቡር እኮ ነው!»

«የእርስዎም ቢሆን ቀለሙ ይፋቃል።»

እንግዶቹ ሳቁ። ሰውየው አፈሩና ጫማቸውን አወለቁ፤ እንዳይቆሽሽ ብለው ካልሲውንም ጨመሩ። ቀትር ነው፤ የመቆሚያው ብረት ከጠዋት ጀምሮ ተገልጦ ፀሐይ ሲመታው ቆይቷል። ወጥተው በአንድ እግራቸው ቆሙ፤ በሌላው ቀየሩ፤ ከዚያ ዘለሉ። የሚይዙት ቢያጡ የባቡሩን ደወል ገመድ ጨበጡ። ደወሉ ያቃጭላል፣ እሳቸው ይዘላሉ፣ እንግዶቹ ትርኢት መስሏቸው ያጨበጭባሉ። እኔም ደወል ስሰማ ልማድ ሆኖብኝ አማተብሁ።

ወርደው እግራቸውን ሐይቁ ውስጥ ነከሩ። «ስማ ዲያቆን» አሉት፣ «ከነገ ጀምሮ አንድ ሰው እግሩ ቢቃጠል፣ ሥራህን እርሳው!»

እሳቸው ሲሄዱ፣ «በጫማ ይውጡ በቃ» አልሁት።

«አይሆንም እማዬ። ያን ሁሉ ቀለም ማን ለፋበት?»

«ሠርግህስ?»

አቡጀዲውን አንሥቶ ባቡሩን መሸፈን ጀመረ። ግትርነቱ የአባቱ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ሐይቁ ዳር ምንጣፍ ከሚሠሩት ሴቶች ዘንድ ሄድሁ። ሁለት ገዛሁ። አንዱን፣ ስለቴን፣ ለደብሩ አስገባሁ። ሁለተኛውን ባቡሩ ላይ ወጥቼ በብረቱ ላይ አነጠፍሁና ውኃ አርከፈከፍሁበት።

ጫማዬን መሰላሉ ሥር አውልቄ ነው የወጣሁት። ልጄ ቆሞ ያየኝ ነበራ።