ሄልሙት ወደ ጉድጓዱ የወረደ ዕለት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጀርመን፣ ፌኸንሃይም በሚባለው ሰፈር ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበረኝ። ትራሙ ወደ መጨረሻው ፌርማታ ሲቃረብ፣ በመስኮቱ በኩል አንድ ትልቅ ቢጫ ማሽን የአሮጌ አዳራሽ ግድግዳ ሲያፈርስ አየሁ። ድሮ የሠራሁበት የቀለም ፋብሪካ ነው። ጣሪያው ተነሥቷል፤ የብረት ምሰሶዎቹ ብቻ ቆመው ቀርተዋል፤ ወለሉም ተቆፍሮ አፈሩ ተቆልሏል። የፊቴን መቀመጫ ብረት አንቄ ይዤ እንደነበር ያወቅሁት ትራሙ ከቆመ በኋላ ነው። ሐኪሟ የደም ግፊቴን ለክታ፣ "ደረጃውን ሮጠው ነው እንዴ የወጡት?" ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ምን እላታለሁ?

እዚያ ፋብሪካ ስገባ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ። ለትምህርት መጥቼ ትምህርቱ በመሀል ተቋረጠብኝ። አገር ቤት እኩዮቼ በየመንገዱ የሚታደኑበት ጊዜ ስለነበር መመለስ የሚታሰብ አልነበረም። የመኖሪያ ፈቃዴ በየጥቂት ወሩ ይታደሳል፤ ለማደስ ደግሞ ሥራ እንዳለኝ ፋብሪካው ማረጋገጥ አለበት። ስለዚህ አለቃዬ ጠዋት ፊቱን አጥቁሮ ከገባ ሊያባርረኝ ነው ብዬ አስብ ነበር። እሱ ምናልባት ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ይሆናል፤ እኔ ግን አውሮፕላን ማረፊያው፣ ፖሊሶቹ፣ የአዲስ አበባው እስር ቤት ድረስ በሐሳቤ ደርሼ እመለሳለሁ።

ተስፋይ የሚባል የአስመራ ልጅ አብሮኝ ይሠራ ነበር። ሮደልሃይም በሚባል ሰፈር ጣሪያዋ ያዘቀዘቀ አንዲት ክፍል ተጋርተን እንኖራለን። ከእኔ ይልቅ ሳቂታ ነው፤ አማርኛውን በትግርኛ ዜማ ሲያወራ የተቆጣ ሰው እንኳ ይስቃል። የሚፈራ አይመስልም ነበር፤ ወይም ከእኔ የተሻለ መደበቅ ይችልበት ነበር።

የሠራተኞቹ ምክር ቤት፣ ጀርመኖቹ ቤትሪብስራት የሚሉት፣ ሊቀ መንበሩ ሄልሙት ነበር። ሩር ከሚባለው የከሰል አገር የመጣ፣ በልጅነቱ ማዕድን ገብቶ የዕድሜውን ግማሽ ከመሬት በታች ያሳለፈ ሰው ነው። ግንባሩና እጆቹ ላይ ሰማያዊ መስመሮች ነበሩት። የከሰል ብናኝ ቁስል ውስጥ ከገባ፣ ቁስሉ ሲድን ቀለሙ ቆዳ ሥር ይቀራል አሉ። ተስፋይ መጀመሪያ ያየው ቀን፣ "እየው፣ እንደ እናቴ ተነቅሷል" አለኝ በጆሮዬ። በዕድሜ አባቴ ስለሚሆን በእኛ ወግ አንቱ የሚባል ሰው ነው፤ እሱ ግን ማንም አንቱ እንዲለው አይፈቅድም ነበር። ጠዋት ጠዋት "ግሉክ አውፍ" ይለናል። ከሰል ቆፋሪዎች ሲወርዱ በደኅና ለመውጣት የሚመኛኙበት ሰላምታ ነው።

ያን ጊዜ ለከተማው ምክር ቤት እየተወዳደረ ስለነበር፣ ፎቶው ትራም መንገዱ ዳር በየመብራት ምሰሶው ተሰቅሏል። ክራቫቱ አንቆት የሚያስል የሚመስል ፎቶ። እኛ ግን የምናውቀው ካንቲን ውስጥ ጉልበቱ ላይ ዳቦ ሲቆርስ ነው። ዐቢይ ጾም ገብቶ ስለነበር ቋሊማ የተጨመረበትን የምስር ሾርባ አልነካም ብዬ ስቀመጥ፣ ከራሱ ዳቦ ስብ ያልተቀባውን ከኮመጠጠ ኪያር ጋር ይገፋልኛል። "ይህን ቄስህ ይፈቅዳል?" ይለኛል፤ ይፈቅዳል እለዋለሁ።

የካቲት ነበር። ጉሙ ከማይን ወንዝ ተነሥቶ በፋብሪካው በር ይገባ ነበር፤ የወንዙ ሽታና የቀለሙ ኮምጣጣ ሽታ ተቀላቅሎ አፍ ውስጥ ይቀመጣል። የአዳራሹ ወለል ሥር ዝቃጭ የሚጠራቀምበት አሮጌ ጉድጓድ ነበር። የውሃ ማውጫው ተዘጋና የክፍላችን አለቃ፣ ሄር ቮልፍ፣ አቶ ቮልፍ እንደማለት ነው፣ ክዳኑን ከፍቶ ጠራን።

"አንዳችሁ ውረዱና የተዘጋውን ክፈቱ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም" አለ።

"ጭንብልስ?" አልኩት።

"ጭንብሉን ፍለጋ ስንዞር ግማሽ ቀን ሊሄድብን ነው። ሥራ አልፈልግም ካልክ ንገረኝ።"

ጉድጓዱን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከሥሩ የበሰበሰ ዕንቁላል የመሰለ ሽታ መጣ፤ ከዚያ ሽታው ራሱ ጠፋ። ጋዙ አፍንጫ እንደሚያደነዝዝ የሰማሁት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ መጥፋቱ ለምን እንዳስፈራኝ አላውቅም፤ ብቻ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ተስፋይ ፊቴን አየና ትከሻዬን መታ አድርጎ መሰላሉን ያዘ። "ተወው፣ እኔ እወርዳለሁ" አለኝ በአማርኛ።

ራሱ ከወለሉ በታች ሲሆን እያፏጨ ነበር። ፉጨቱ መሀል ላይ ተቋረጠ። ከዚያ የሆነ ከባድ ነገር ጭቃ ላይ ወደቀ።

"ተስፋይ!" ብዬ ጮህኩ። መልስ የለም። ያ ሁሉ ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ መሰላሉ ላይ አንድ እግሬን አሳርፌ ነበር። ከኋላዬ አንድ ሰው ኮሌታዬን ይዞ ወለሉ ላይ ዘረረኝ። ሄልሙት ነው። ጩኸቴን ሰምቶ ከሚቀጥለው አዳራሽ ሮጦ መጥቷል። ደረቴ ላይ በጉልበቱ ተጭኖ፣ ፊቴ አጠገብ ቀስ ብሎ፣ "ከወረድክ ሁለት ሬሳ ነው የማወጣው። ገባህ?" አለኝ።

እመታው ነበር። ሰደብኩት፤ በአማርኛ፣ የማላስታውሰውን ሁሉ። እሱ አልሰማኝም። የታመቀ አየር የሚነፋውን ቱቦ ወደ ጉድጓዱ አስገብተው እንዲለቁት አዘዘ፤ አንዱን ሠራተኛ ጭንብልና ገመድ እንዲያመጣ ላከ። እነዚያ ደቂቃዎች የተስፋይን እናት በሐሳቤ ያየሁባቸው ናቸው። አስመራ ደጃፏ ላይ ቆሜ ምን እንደምላት ቃል እየፈለግሁ ነበር።

ጭንብሉ ሲመጣ ሄልሙት ራሱ አጠለቀው። ማሰሪያውን ሲያጠብቅ እጆቹ በጣም ስለተንቀጠቀጡ እኔ አሰርኩለት። የገመዱን ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ። "ስጎትት ሳብ። ሌላ ምንም አታድርግ።" ከዚያ ወረደ። እኔም ገመዱን ይዤ ቆምኩ፤ እጄ ውስጥ ሲንቀሳቀስ በሕይወት አለ እላለሁ፣ ሲቆም ደግሞ እኔም ትንፋሼ ይቆማል። በመጨረሻ ገመዱ ተጎተተ። ሳብን። መጀመሪያ ተስፋይ ወጣ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ። ከኋላው ሄልሙት በአራት እግሩ ወጥቶ ጭንብሉን አውልቆ ግድግዳው ሥር አስመለሰ።

ተስፋይ አልሞተም። ሆስፒታል ግን ገና ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ፋብሪካው ውስጥ ሌላ ወሬ ተጀመረ። ሄር ቮልፍ፣ ልጆቹ ሳላዛቸው በራሳቸው ፈቃድ ነው የወረዱት አለ። የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ ቢሮው አስጠራኝ። ቡና በብስኩት አቀረበልኝ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ተደርጎልኝ አያውቅም።

"ፈቃድህ መቼ ነው የሚታደሰው?" አለኝ።

"በሚቀጥለው ወር።"

"እንግዲህ ማረጋገጫውን የምንጽፈው እኛ ነን" አለና ስኳሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ቡናውን ሳልቀምስ ወጣሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄልሙት ሮደልሃይም መጣ። የእንጨት ደረጃውን ሲወጣ ትንፋሹ እንደ ማፏጫ ይሰማ ነበር። ያለችን አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጦ የተስፋይን ባዶ አልጋ ሲያይ ቆየ።

"ታናሽ ወንድም ነበረኝ" አለኝ። "ማዕድኑ ውስጥ ጓደኛው ወደቀ። እሱም ሳያስብ ተከትሎት ገባ። ጋዝ ነበር። ሁለቱንም ያወጣሁ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ከመሬት በታች ወርጄ አላውቅም ነበር።"

"ያን ዕለት ፈርተህ ነበር?"

"ሱሪዬን አርጥቤያለሁ። ጭቃ ስለነበር ማንም አላወቀብኝም።"

ሻይ ቀዳሁለት። ስለ ጉድጓዱ ነገ የሠራተኞች ስብሰባ እንዳለ፣ ከተስፋይ ሌላ ትእዛዙን የሰማሁት እኔ ብቻ እንደሆንኩ፣ ለምርጫው ያቀረበው ፓርቲ ሰዎችም ምርጫው እስኪያልፍ ነገሩን እንዲተወው እንደመከሩት ነገረኝ።

"አንተስ ትተወዋለህ?"

"ከተመረጥኩ በኋላ ደግሞ ሌላ ምክንያት ያመጡልኛል።"

"እንድናገር ትፈልጋለህ?"

"እፈልጋለሁ። ግን ቃል ልገባልህ አልችልም። ሥራህን ሊወስዱብህ ይችላሉ። ከተናገርክ ፈቃድ ቢሮው አብሬህ እሄዳለሁ። ካልተናገርክም አብሬህ እሄዳለሁ።"

ከሄደ በኋላ ኒዳ ወንዝ ዳር ወጥቼ ሄድኩ። ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ይሸራሸራሉ፤ ዛፎቹ ገና እርቃናቸውን ናቸው። የማስበው ስለ እውነትና ስለ ፍትሕ አልነበረም። ዝም ብል ተስፋይ ሲመለስ በዚያች ክፍል ውስጥ እንዴት አብረን እንደምናድር ነበር የማስበው።

ስብሰባው ካንቲን ውስጥ ነበር። ኃላፊው ተናገረ፤ ሄር ቮልፍ ተናገረ። ሄልሙት ተነሥቶ፣ "የነበረ ሰው ካለ ይናገር" ብሎ ተቀመጠ። ወደ እኔ አላየም፤ ለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ስነሣ ጉልበቴ ጠረጴዛውን መታው፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ጀርመንኛ ሁሉ ጠፋኝ።

"ሄር ቮልፍ ውረዱ ብሎናል። ጭንብል ጠይቄአለሁ። ሥራ ካልፈለግህ ንገረኝ ብሎኛል" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ተቀመጥኩ።

በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ከዚያ ከኋላ አንድ በዕድሜ የገፋ ቱርካዊ ሳይነሣ፣ "እኔንም አምና ያለ ጭንብል አውርዶኛል" አለ። ሌላ ሰው ቀጠለ፤ ከዚያ ሌላ።

ጉድጓዱ ተደፈነ። ሄር ቮልፍ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። ፈቃድ ቢሮው ኮሪደር ላይ ሄልሙት የምርጫ ልብሱን ለብሶ ጠዋቱን ሙሉ እያሳለ አጠገቤ ተቀመጠ። ፋብሪካው ማረጋገጫውን ጽፎ ነበር፤ ሁሉ ሰው እያየው መከልከል የከበደው ይመስለኛል። ማኅተሙ ሲመታ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ኮንትራቴ በመኸር ሲያልቅ ግን አላደሱልኝም። ሌላ ሥራ እስካገኝ ያሳለፍኩትን የብርድ ወቅት ዛሬም ባላስታውሰው እመርጣለሁ።

ሄልሙት ተመረጠ፤ በጥቂት ድምፅ ነበር። ብዙ ዓመት ምክር ቤት ተቀመጠ። ንግግር አይችልበትም ይሉ ነበር ጋዜጦቹ፤ ስለ ሠራተኛ ሳንባ ሲነሣ ግን ማንም አያቋርጠውም። ኡባን፣ ከመሬት በታች የሚሄደውን ባቡር፣ ተሳፍሮ አያውቅም፤ በዝናብም በበረዶም ትራም ይጠብቃል። የመረጡት ሰዎች ጉዳያቸውን የሚነግሩት ፌርማታ ላይ ነበር። በመጨረሻ ያ የከሰል ብናኝ ሳንባው ውስጥ ሥራውን ጨርሶ ገደለው። ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ተስፋይ ነበር። እሱ ዛሬ ቦናመስ በሚባል ሰፈር ይኖራል፤ የልጅ ልጆቹ በጀርመንኛ ይመልሱለታል።

ሰው ሲያረጅ ፍርሃት ይለቀዋል ብዬ አስብ ነበር። አልለቀቀኝም። ዜጋ ከሆንኩ ስንት ዘመኔ ነው፤ ከመንግሥት የመጣ ፖስታ ሣጥኔ ውስጥ ሳይ ዛሬም ልቤ ይመታል። ትናንት ሕንፃችን ውስጥ የተከራዮች ስብሰባ ነበር። የአከራዩ ጠበቃ ግድግዳችን የሻገተው መስኮት ስለማንከፍት ነው ሲል፣ ተነሥቼ እንዳልሆነ ተናገርኩ። ስንወጣ ከሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው፣ አረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራው ወጣት የአገሬ ልጅ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎ አይፈሩም?" አለችኝ።

"እፈራለሁ" አልኳት፤ እጄን ዘርግቼ መንቀጥቀጡን አሳየኋት። ያዘችውና ደረጃውን አብረን ወጣን።