ሁለት ቢጫ ጀሪካን

ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ ጫማዬን አስወለቁኝ። በሩ ላይ ነጠላ ጫማ ተደርድሯል፤ ከዚያ አንዱን አርጊ ተባልኩ። እስከዚያ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክሜ እየወረድኩ ነበር የምተዳደረው። የካ ዳገቱ ላይ ያለው የውኃ መመርመሪያ ቤት ጠርሙስ አጣቢ ይፈልጋል ሲሉኝ፣ የለስላሳ ጠርሙስ መስሎኝ ነው የሄድኩት።

ኃላፊዋ ዶክተር አልማዝ ነበሩ። ቀጭን ናቸው፣ ድምፃቸው ግን የሰባኪ ነው። ጠርሙስ ሰጡኝና እጠቢ አሉኝ። አጠብኩ። ብርሃን ላይ አንስተው አዩና፣ "ለመጠጥ ንጹሕ ነው፤ ለእኛ ግን ቆሻሻ ነው" አሉኝ። ተናደድኩ። ሃያ ዓመት ቤት ያስተዳደረች ሴት ዕቃ ማጠብ አታውቅም ልባል?

ከዚያ አስተማሩኝ። መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ በቧንቧ ውኃ። ከዚያ ጓንት አርጎ አሲድ ውስጥ መንከር፤ ውሎ ያድራል። ከዚያ በተጣራ ውኃ ደጋግሞ ማለቅለቅ። አፉን በጣት አይነኩም። ደፍቶ ማድረቅ፣ ሲደርቅ መሸፈን። ናሙና ያለበት ጠርሙስ ከተከፈተ ደግሞ ላዩ ላይ መተንፈስ የለም።

"ትንፋሼ ይሸታል እንዴ?" አልኳቸው።

ሳቁ። "የምትሸከሚው ቅጠል ሲነድ ጭሱ የት ይሄዳል?"

"ወደ ሰማይ ነዋ።"

"ከዚያስ?"

"እኔ ምን አውቄ።"

"ጭሱ ውስጥ ካርቦን የሚባል አለ። አንቺም ስትተነፍሺ ይወጣል። ከፊሉን ዛፍ ይወስደዋል፣ ከፊሉን ባሕር ይውጠዋል። ምን ያህል እንደዋጠ ነው የምንለካው። ጠርሙሱ ላይ ከተነፈስሽ ያንቺን ለካን ማለት ነው።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ የዋጠ ባሕር አይታመምም?"

"እሱን እንድናውቅ ነው ደመወዝ የሚከፈለን" አሉ።

ሜሮን ልጄ፣ የምነግርሽን ለጓደኞችሽ ስትጽፊ ይሄን በደንብ ጻፊው። ጓደኞችሽ "ባሕር ሳይኖረን የባሕር ካርቦን ተምረን የት እንቀጠራለን?" ይሉሻል አይደል? አባትሽም ይሄንኑ ነው የሚለው። እኔም ያን ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ከዚህ እንጀራ የሚበላ ሰው አለ ወይ ብዬ። ዶክተሯ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ቆጠሩልኝ። መርከብ ላይ ወጥቶ ውኃውን የሚቀዳ አለ። ቤት ቁጭ ብሎ መለኪያውን የሚያንቀሳቅስ አለ። መለኪያው ሲበላሽ የሚጠግን አለ፣ እሱ ደግሞ በየአገሩ ይፈለጋል። ከሳተላይት የባሕሩን ቀለም የሚያነብ አለ፤ እግሩ ውኃ ሳይነካ ጡረታ ይወጣል። ኮምፒውተር ላይ የመጪውን ዘመን ባሕር የሚያሰላም አለ። "የሚያጥብ ከሌለ ግን ሁሉም ውሸት ይለካል" አሉኝ። እሱን ያሉት እንዳልሄድባቸው ይመስለኛል።

እኛ ቤት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የሐይቅ ውኃ ነበር። በኋላ ከጂቡቲ የባሕር ውኃ መምጣት ጀመረ፤ መለኪያው እኛ ጋ ስላለ። የሚያመጣው ዳዊት የሚባል ረዳት ተመራማሪ ነው። ሲበዛ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሲቸኩል ግን የራሱን ስም ይረሳል። ውኃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። እነሱ መንገድ ላይ ካርቦኑን እንዳይለውጡት መርዝ ጠብ ይደረግበታል። ጥቂት ናት፣ ግን ሜርኩሪ ያለባት ክፉ መርዝ ናት። ከተለካ በኋላ ውኃው አይደፋም፤ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ይጠራቀምና የሚያስወግዱት ሰዎች ይወስዱታል። ጀሪካኑ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ዳዊት መርዝ መሆኑን በእንግሊዝኛ ጽፎበታል።

ጥበቃችን ጋሽ ገመቹ ነበሩ። ባለቤታቸው፣ በኦሮምኛ አክብረን አደ ጫልቱ የምንላቸው፣ ሆዳቸውን ታመው ከርመዋል። አንድ ቀን ጋሽ ገመቹ በማለዳ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥተው ጠበል በቢጫ ጀሪካን ይዘው መጡ። በሩ ላይ ውሻ ይተኛል፤ ጠበል እዚያ አይቀመጥም። ዳዊትን ጠየቁት።

"ይግቡ ጋሼ፣ እዚያ ጥግ ያኑሩት" አላቸው።

እኩለ ቀን ላይ ተረኛው ሲቀይራቸው ጀሪካናቸውን አንስተው ሄዱ።

እኔ ከምሳ ስመለስ ዳዊት የተለካውን ውኃ አቀበለኝ፣ ጀሪካኑ ውስጥ እንድጨምረው። ክዳኑን ስፈታ ከሥሩ ፌስታል ወጣ። የያዝኩትን ውኃ አስቀመጥኩ። ከእንጦጦ ጠበል ይዞ የሚወርድ ሰው ታክሲ ውስጥ እንዳይፈስበት አፉን በፌስታል ይወትፋል። የእኛ ጀሪካን ፌስታል የለውም።

"ዳዊት፣ ይሄ ጠበል ነው" አልኩት።

"ምን ማለት ነው?"

"መርዙን ጋሽ ገመቹ ወስደውታል ማለት ነው!"

ፊቱ አመድ ሆነ። ደወለ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ዶክተሯ ሲሰሙ የመኪና ቁልፋቸውን አነሱ። የጋሽ ገመቹ ቤት ወሰን ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ነው፤ ለለቅሶ ሄጄ አውቀዋለሁ። መንገድ ላይ ዳዊት ከኋላ ሆኖ "ጠጥተው ከሆነስ? እትዬ ዘነቡ፣ ጠጥተው ከሆነስ?" ይለኛል። ምን ልበለው? "ኪዳነ ምሕረት ታውቃለች" አልኩት። ዶክተሯ ጡሩምባቸውን ሳያቋርጡ ነዱ።

ስንደርስ አደ ጫልቱ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጀሪካኑ አጠገባቸው ነው፣ ተከፍቷል። ኩባያም አለ።

"ጠጥተዋል?" አሉ ዶክተሯ ከመኪናው ሳይወርዱ።

"ምኑን?"

"ጠበሉን!"

አደ ጫልቱ ተቆጡ። "ቂጣ ቀምሼ ጠበል እጠጣለሁ? ሐኪሞቹ ያንን ክኒን ባዶ ሆድሽን አትዋጪ ብለውኝ ቀመስኩ። ነገ በባዶ ሆዴ ነው የምጠጣው።"

ዶክተር አልማዝ መኪናውን አጥፍተው ግንባራቸውን መሪው ላይ ደገፉ። ዳዊት መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ምነው? ለእናንተም አስፈለጋችሁ?" አሉ አደ ጫልቱ። "ቅዱልኝ ብትሉ ለማን እከለክላለሁ።"

ጋሽ ገመቹ ከጓዳ ወጡ። ነገርናቸው። ጀሪካኑን አዩት፣ ሚስታቸውን አዩ፣ ከዚያ ግድግዳውን ያዙ።

"ለማንም አልሰጡም?" አልኳቸው አደ ጫልቱን።

"አልሰጠሁም። ቤቱን ግን ረጭቼዋለሁ።"

እኔና ዳዊት ጓንት አርገን ቤቱን ጠረግን፤ አልጋው ሥር ሳይቀር፤ ጀሪካኑንና የጠረግንበትን ጨርቅ ይዘን ተመለስን። ዶክተሯ የአደ ጫልቱን እጅ አስታጥበው፣ ባልና ሚስቱን ሆስፒታል ወስደው አስመረመሯቸው። ደህና ናቸው ተባለ። እውነተኛውን ጠበል በማግሥቱ እኔው አደረስኩላቸው።

በዚያው ሳምንት ዳዊት ሥራዬን እለቃለሁ አለ። የሚቀጥለው ጉዞ መርከብ ላይ ነበር፤ ስንት ዓመት የለፋበት። "ሰው ልገድል ነበር፤ ለዚህ ሥራ አልሆንም" አላቸው ዶክተሯን።

"ኃላፊዋ እኔ ነኝ" አሉት። "የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ ለአለቆቼም ነግሬያለሁ። አንተ መጀመሪያ ሄደህ አደ ጫልቱን ይቅርታ ጠይቅ።"

ዳዊት ብቻዬን አልሄድም ብሎ እኔን አስከተለ። ብርቱካን ይዘን ሄድን። አንገቱን ሲደፋ ጊዜ አደ ጫልቱ፣ "ቀና በል እንጂ፣ አልሞትኩም!" አሉት። ቀጥለውም፣ "ጽሑፉን እኔም ገመቹም አናውቅም። ቀይ ጨርቅ እሰርበት። ቀይ ሁሉም ሰው ያውቃል" አሉት። ሥራ ልለቅ ነው ሲላቸው ደግሞ፣ "ለቀህ ማን ሊያስርልኝ ነው?" አሉት።

አልለቀቀም። ከሄደበት መርከብ ሲመለስ ስለ ባሕሩ ልጠይቀው ስል መጀመሪያ የነገረኝ ሁሉም የመርዝ ዕቃ ላይ ቀይ ጨርቅ እንዳሰረ ነው። ፈረንጆቹ ምንድነው ብለው ጠየቁት፣ "የአደ ጫልቱ ነው" አላቸው። ዛሬ ውኃ ቀጂዎችን የሚያሠለጥነው እሱ ነው። እኛ ቤትም የእንግዳ ዕቃ ማስቀመጫ መደርደሪያ ከበሩ ውጪ ተሠራ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጠበልም ሆነ ምሳ ዕቃ ወደ ውስጥ አልገባም። አደ ጫልቱም ሆዳቸው ተሻላቸው፤ በክኒኑ ይሁን በጠበሉ እስከ ዛሬ ከባላቸው ጋር ይከራከራሉ።

እንግዲህ ለጓደኞችሽ ይሄን ጻፊላቸው። ባሕር ባይኖረንም ሥራው አለ፣ እኔ ኖሬበታለሁ። ገብታችሁ ስትሠሩ ግን መርዝ ያለበትን ዕቃ ማንበብ የማይችል ሰው እንዲያውቀው አድርጋችሁ አስቀምጡ።