የታቦቱ ጽድ በጣራችን ላይ

የደብሩ ገበዝ ከቅጥሩ ጥግ ጃንጥላቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል። እንጨት ቆራጩ አያ ተገኘ መጥረቢያውን በትከሻው አድርጎ ከመሰላሉ አጋማሽ ላይ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ከደጁ ፊት ለፊት፣ እናቴ ደፉ ላይ፣ ሁለት እጇን በመቃኑ ዘርግታ፤ እኔ ከአጠገቧ። ታናሽ እህቴ ትርንጎ ከውስጥ፣ አልጋ ላይ፣ ከአራስ ልጇ ጋር። ትናንት ጎረቤት እርጥብ ጽድ ሲፈለጥ ሽታው በመስኮት ገባና ሁሉም በየቦታቸው መጥተው ቆሙብኝ። ቤቱም ዛፉም ዛሬ የሉም፤ ያን ቀን በግቢው ከቆምነው የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ጎንደር ያደግንበት ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የተጠጋ ነበር። ከቅጥሩ ውስጥ የበቀለ አሮጌ ጽድ አንድ ቅርንጫፉን በጣራችን ላይ ዘርግቶ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ቆርቆሮውን ይቧጭረው ነበርና፣ ልጆች ሳለን እኔና ትርንጎ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን ድምፁ እስኪያቆም ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር። የታቦት ዛፍ አይቆረጥም። አባቴ ክረምት ሳይገባ ቅርንጫፉን በባላ ይደግፋል፣ ቆርቆሮውን የሚያዝገውን ርጋፊ ይጠርጋል፣ በየማዕዘኑ ድንጋይ ይጭናል። ጣራው ላይ ሆኖ ዛፉን ሲቆጣው እንሰማለን፤ «አንተ ደግሞ ከኔ ቤት ሌላ መደገፊያ አጣህ?» እሱ ካረፈ በኋላ ባላውን የለወጠ የለም፤ ምስጥ በላው።

ደርግ ከወደቀ ወዲህ በአንዱ ክረምት፣ ትርንጎ እናቴ ቤት ታርሳ ሳለች፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቅርንጫፉን ከግንዱ ሰነጠቀው። መሬት አልደረሰም፤ ቆርቆሮው ላይ ተኛ፣ ልክ ከአልጋዋ በላይ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋው የሚገፋበት ቦታ የለም። ገበዙ መጥተው አዩና እንዲቆረጥ ፈቀዱ። አያ ተገኘ ግን፣ «ሰው ከሥር ተኝቶ መጥረቢያ አላነሣም» አለ።

ይኼኔ ነው እናቴ በሩን የያዘችው። የትርንጎ የመጀመሪያ ልጅ ሳይጠመቅ ሐኪም ቤት ብለን በብርድ አውጥተነው፣ በሕይወት አልተመለሰም።

«ክርስትና ሳይነሣ ከዚህ ደፍ አያልፍም» አለች።

«ታዲያ ጣራው ክርስትናውን ይጠብቃል?» አሉ ገበዙ።

«ኧረ እኔ ቤት ትግባ» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ቤቱ ሞቋል። ክርስትና አነሣዋለሁ አላልኩ! ጣራ ብቻ አይውደቅበት።»

አያ ተገኘ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

«ምነው ዘይነባ፣ አንቺም?»

ቆርቆሮው ጮኸና ዝቅ አለ። አያ ተገኘ ከመሰላሉ ዘለለ። እናቴ እጇን አላወረደችም። «ልቀቂያት» ብያት ይኼኛውም ቢሞትስ? ዝም ብዬ ጣራው ቢወርድስ?

ትርንጎ ከአልጋው ወረደች። ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልላ አቅፋለች፤ አራስ ያለ ብረት አትወጣምና በሌላ እጇ ከራስጌዋ የነበረውን ቢላዋ ይዛለች። ጎንበስ ብላ በእናቴ ክንድ ሥር አለፈች።

እናቴ የለበሰችውን ጋቢ ገፍፋ ከኋላዋ ጣለችባት። ትርንጎ ዞር ሳትል፣ በረዶው ገና ባልሟሟበት ግቢ በባዶ እግሯ ወደ እትዬ ዘይነባ ቤት ሄደች።